ጎማ ሳለማምድ የሰማሁት እልልታ

ባለፈው ጥር የትም ላልደርስ አራት ቀን ሙሉ መኪና ነዳሁ። ሦስቱን ቀን ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ጎረቤላ፣ ጎረቤላ ደርሼ ሳልወርድ እንደገና ወደ ደብረ ብርሃን። ያየኝ ሰው አብዷል ሳይል አይቀርም። አለማበዴን ለማስረዳት ከጎማው መጀመር አለብኝ፤ ጎማውን ለማስረዳት ደግሞ ከልጄ።

ሥራዬ መኪና መጠበቅ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካ ያለው አንድ ሰው አለ፤ ራሱ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። መኪናዋ ግን እዚህ ናት። ነጭ፣ ባለ አራት በር፣ ጀርመን ሠራሽ። ቆማ ሲያዩዋት ዝቅ ያለች ጨዋ ትመስላለች፤ ነዳጅ ሲረግጡላት ጀርባን ከወንበሩ ጋር ትሰፋለች። ባለቤቷ በወር አንዴ፣ በሁለት ወር አንዴ ብቅ ይልና ያበራታል። የቀረውን ጊዜ እኔና እሷ ነን። እሷ ሸራ ለብሳ ጋራዥ ውስጥ፣ እኔ ጋቢ ለብሼ ሰርቪስ ቤት ውስጥ። ጠዋት ጠዋት ሞተሯን አስነስቼ አሞቃታለሁ፣ አቧራዋን አራግፋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ቀኑ እንዴት እንደሚያልቅ እሱ ራሱ ይወቀው። ከዚያ በፊት ሃያ ስምንት ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ።

አንድ ልጅ አለችኝ። አንኮበር፣ ጎረቤላ ከተማ ነው ያደገችው፣ እናቷ ጋ። ሦስት ዓመቷ ሳለ ነው ጥያቸው የወጣሁት። «ሥራ ነው፣ መንገድ ነው» ስል ቆየሁና አንድ ቀን መመለሱን ራሱን ተውኩት። ምክንያት ልደርድር ብል አላጣም፤ ግን ምን ያደርጋል፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እናቷ አስተማሪ አገባች። ደህና ሰው ነው፣ ክፉ ልናገርበት ብፈልግ እንኳ የምናገረው የለኝም። ልጄ እሱን «አባዬ» ትለዋለች፣ «አንተ» እያለች። እኔን «እርስዎ» ነው የምትለኝ። በእኛ ሰፈር ልጅ አባቱን አንተ ነው የሚለው፤ እርስዎ የሚባለው እንግዳ፣ ቄስና የቀበሌ ሊቀ መንበር ነው። ስልክ በደወለች ቁጥር ያቺ «እርስዎ» እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ትገባለች።

የምትደውለውም በዓመት ሁለቴ ነው፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ስልኬ ጮኾ ስሟን ሳይ፣ ሰው የሞተ መሰለኝ።

«ላገባ ነው» አለችኝ።

«እሰይ የኔ ልጅ! እንኳን ደስ ያለሽ፣ እግዚአብሔር...» ብዬ ሳልጨርስ፣

«ያቺን የሚነዷትን መኪና ለሰርጉ ቀን ማግኘት ይቻል ይሆን?» አለች።

አልዋሽም፣ ቅር አለኝ። የተጠራችው መኪናዋ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ከተብሰለሰልኩ በኋላ ግን ደስ እያለኝ መጣ። መኪናዋ ከተጠራች ሾፌሯም አብሮ መጠራቱ ነው እኮ! ልጄን በሙሽራ ልብሷ በስፔኪዮ እያየሁ እወስዳታለሁ። ማን ያውቃል፣ መንገድ ላይ አንድ ሁለት ቃል እንነጋገር ይሆናል። አባት ነኝ ብዬ ደጃቸው ለመቆም ወኔው አልነበረኝም። ሾፌር ሆኜ ግን የማልገባበት የለም፤ ዕድሜዬን ሁሉ የገባሁት በዚያ በር ነው። ሰርጓ ላይ የሆነ ቦታ መገኘት፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አልፈለግሁም።

ለመኪናዋ ባለቤት ብነግረው፣ «ለልጅህ ሰርግ ከሆነማ፣ ጋሼ፣ ምን ጥያቄ አለው!» አለኝ። «ግን ጎማዎቹ አልቀዋል፤ በነሱ የአንኮበርን መንገድ አትሞክረው። አዲስ እልካለሁ።» ቃሉንም ጠበቀ። በሳምንቱ አራት ጎማ መጣ። ሰፋፊ፣ ዳር ዳራቸው እንደ አዲስ ፂም የጎማ ፀጉር ያበቀሉ።

ጎሚስታው ዕድሜውን በሙሉ ጎማ ላይ ተቀምጦ የጨረሰ ሰው ነው። አሮጌዎቹን ነቅሎ አዲሶቹን በሳሙና ውኃ እያሸ አስገባቸው፣ ነፋቸው፣ አሰራቸው። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፊቴ ቆመ።

«ስማኝ ጋሼ። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ላይ ስስ ቅባት አለበት። እሱ ተፍቆ ካልለቀቀ አስፋልት አይጨብጥም። እንደዚች ያለች ጉልበተኛ ላይ ደግሞ ነዳጅ ትንሽ ስትነካ ተሽከርክራ ገደል ታሳይሃለች። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ቀስ ብለህ አለማምደው። ከሰማንያ አትለፍ፣ ፍሬን ድንገት አትያዝ፣ ኩርባ ላይ አትቸኩል። ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለስ ደግሞ ቡሎኑን ላጥብቅልህ።»

«ሃያ ስምንት ዓመት ነድቻለሁ እኮ!» አልኩት ተቆጥቼ።

«የነዳኸው የጭነት መኪና ነው። እሱ በሬ ነው። ይቺ ያልተገራች በቅሎ ናት። ቀስ በቀስ...»

«እሺ፣ እንቁላሉ በእግሩ ይሄዳል፣ ገብቶኛል!» ብዬ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ቁጭ አልኩ። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር! የት ነው የምሄደው? ዘመድ ያለው ሰው ይሄ ጥያቄ አይሆንበትም። አክስቱ ለሚ ከተማ አለች፣ የክርስትና ልጁ መዘዞ አለ፣ «ልጠይቃችሁ መጣሁ» ብሎ ደጃቸው ላይ ያቆማል። እኔ የማውቀው ሰው ሁሉ የመንገድ ሰው ነው፤ ሻይ የቀዳልኝ፣ ኬላ ላይ ወረቀቴን ያየልኝ፣ አንድ አልጋ ቤት አብሮኝ ያደረ። በስም የማስታውሳቸው እንኳ ጥቂት ናቸው። ደጁ ድረስ ሄጄ ባንኳኳ «አንተ! ከየት መጣህ?» የሚለኝ አንድ ሰው ፈለግሁ፣ አጣሁ። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ምን ቀረኝና! ሰው እንደሌለኝ ያወቅሁት ጎማ ምክንያት ሆኖኝ ነው። በመጨረሻ የሰርጉን ቀን መንገድ ልለማመድ ብዬ ወደ አንኮበር አዞርኩ።

የመጀመሪያው ቀን መሪው ውኃ ላይ ያለ ይመስል ነበር። ከከተማ እንደወጣሁ ሜዳው በውርጭ ነጥቷል፣ በጎቹ አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል፣ በገብስ ጭድ ክምሩ ላይ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው። ስልሳ ላይ ያዝኩና አልለቅ አልኩ። አንድ ቅጥቅጥ ተጠግቶኝ ክላክሱን ነፋ፤ ሾፌሩ ሲያልፈኝ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ! ሞተር አላት ወይስ እየገፏት ነው?» አለኝ። ስድብ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ከኋላ መጥቶ የሚገጨኝ እንዳይኖር አራቱንም ፍሬቻ አበራሁ። አንኮበር ጫፍ ስደርስ ጉሙ ከቆላው ወጥቶ መንገዱን አለበሰው፤ በየኩርባው ክላክስ እየነፋሁ ወረድኩ። ይሄ ሁሉ የደንብ ጥንቃቄ ነው። ማንም አሮጌ ሾፌር የሚያደርገው ነው።

ጎረቤላ ስገባ የእናቷ ቤት ቆርቆሮ ከዋናው መንገድ ላይ ታየኝ። አላቆምኩም። ከተማው ጫፍ ላይ ዞሬ ተመለስኩ። በመንገዴ ሁሉ ግን ከኋላ ካለችው ሙሽራ ጋር አወራሁ፤ ኋላ ወንበሩ ላይ ማንም የለም እንጂ። «ተመቸሽ ወይ? መስኮት ልክፈትልሽ?» እላለሁ። ቀስ እያልኩም «ያኔ ትቼሽ ስሄድ...» እጀምርና አልጨርሰውም። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ቢነዳ እንኳ የማይለቅ ቅባት አለ ብዬ ለጎሚስታው ብነግረው ይስቅብኝ ነበር።

ሁለተኛው ቀን ገበያ ነበር። መኪናዋ ታጥባለች፣ ታበራለች፤ እኔ በስልሳ፣ አራቱ ፍሬቻ ብልጭ ድርግም እያለ፣ ኩርባ ላይ ክላክስ እየነፋሁ እመጣለሁ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሸክማቸውን መሬት አደረጉና ከመንገድ ወጡልኝ። ከዚያ አንደኛዋ አፏን ያዘችና «እልልልልል!» አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። ምንድነው ብዬ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ወይ ጉድ! ለካ ለኔ ነው። ነጭ መኪና፣ ቀስ ብላ፣ በፍሬቻና በክላክስ፤ ሙሽራ እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አንዷ እናት አጎንብሳ በኋላ መስኮት ተመለከተች።

«ሙሽሪት የታለች?»

«የለችም እናቴ። ጎማ እያለማመድኩ ነው።»

«ምን እያለማመድክ?»

«ጎማ!»

«ሂድ ወዲያ! ጎማ ደግሞ ምን ይለማመዳል? ደብቀሃት ነው!» አለችና በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅሁ። መሪውን ይዤ ብቻዬን እየሳቅሁ ኪሎ ሜትር ያህል ሄድኩ። ሰው በኔ ምክንያት ደስ ሲለው ካየሁ ስንት ዘመኔ ነው!

እዚህ ላይ እውነቱን ካልተናገርኩ የተቀረው ሁሉ ውሸት ይሆናል። ሦስተኛው ቀን ጉም አልነበረም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ ጎማውም አስፋልቱን መያዝ ጀምሯል። ፍሬቻ ማብራት አያስፈልገኝም ነበር። አበራሁት። ኩርባ በሌለበት ክላክስ ነፋሁ። ሴቶች ባየሁ ቁጥር ፍጥነቴን ቀነስኩ። እልልታውን ፈልጌ ነው፣ ምን ልደብቅ! ለማኝ ሆንኩ፤ የሰው እልልታ ለማኝ።

ጎረቤላ ስገባ ነገሩ ከእጄ ወጣ። መንገድ ዳር የነበሩ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት፤ ከየቤቱ ሌሎች ወጡ፣ ጭብጨባ ተጀመረ፣ ዘፈን ተነሳ። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ በዚያ ሳምንት ሰርግ ያለው ማን ቤት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። «የአስተማሪው ልጅ ዛሬ ነው እንዴ የምትወጣው?» ሲሉ ሰማሁ። ጥቂቶቹ ወደ ቆርቆሮው ቤት ሮጡ። ወዲያው የልጄ እናት እጇ ሊጥ እንደያዘ በሩ ላይ ብቅ አለች። ከኋላዋ ልጄ፣ ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ። መኪናዋን አየች፣ ባዶውን ወንበር አየች፣ እኔን አየች። ሕዝቡም ባዶ መሆኑን ያየው ያን ጊዜ ነው። እልልታው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። እኔ ምን አደረግሁ? መውረድ፣ ይቅርታ ማለት፣ መሳቅ፣ አንድ ነገር ማድረግ ይቻል ነበር። መሪውን አዙሬ ሄድኩ።

ደብረ ብርሃን ሳልደርስ እናቷ ደወለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም አልተውከንም?»

«ኧረ ጎማ እኮ ነው፤ ጎማው አዲስ ስለሆነ...»

«ጎማ ጎማ አትበለኝ! ልጄ ከቤቷ ሳትወጣ እልልታዋን በባዶ መኪና አስወጣህባት። ገደ ቢስ ነው እያለ ጎረቤቱ ሁሉ አፉን ከፍቷል። መኪናህ ይቅርብን። ከሙሽራው ወገን ሌላ ተገኝቷል።» ዘጋችው።

ልክ ናት። ሾፌርነቴ ተሰረዘ፤ በሾፌርነቴ የምገባበት በርም አብሮ ተዘጋ።

ጎማ ግን ግማሽ ተለማምዶ አይተውም፤ የሰው ንብረት ነው። አራተኛው ቀን የቀረኝን ልጨርስ ወደ ጣርማ በር ወጣሁ፤ ወደ አንኮበር የምዞርበት ፊት የለኝም። ፍሬቻ የለ፣ ክላክስ የለ። ሦስት መቶው ሲሞላ መንገድ ዳር አቆምኩና ወርጄ ጎማዎቹን በእጄ ዳሰስኳቸው። ያ የሚያሟልጨው ነገር ለቋል፣ ሻከር ብለዋል። ደህና ሥራ ሠርቻለሁ። የምነግረው ሰው ግን የለኝም። ያን ጊዜ ስልኬ ጠራ። ልጄ ናት።

«እናቴ ያለችውን ሰምቻለሁ» አለች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ። ጎማው...»

«መኪናው ይቅር። አንተ ግን ና።»

አንተ አለችኝ። በትክክል ሰምቼ እንደሆነ ብዬ ስልኩን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አደረግሁት።

«መጀመሪያም የደወልኩት መኪና ቸግሮኝ አይደለም። ና ማለት ከብዶኝ ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ ሰዉ ሁሉ በባዶዋ መኪና ሲስቅ እኔም ሳቅሁ፣ እናቴ ሳታየኝ። ለአባዬ ነግሬዋለሁ፤ ከሱ ጎን ትቀመጣለህ። ጉልበትህን እስማለሁ። ትመጣለህ አይደል?»

«እመጣለሁ» አልኩ። ሁለቴ ነው ያልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የመኪናዋን ጣራ ተደግፌ አለቀስኩ። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ተበላሽቶበት ነው ብሎ ሳያዝንልኝ አልቀረም።

በሰርጉ ቀን በቅጥቅጥ ሄድኩ። ኮቴን ለበስኩ፣ ነጭ ጋቢ ደረብኩ፣ ፂሜን ተላጨሁ። ሰው በነዳው መኪና ተቀምጬ መሄድ አልለመድኩም፤ እጄን የማስቀምጥበት አጣሁ። መንገዱን በሙሉ የምለውን ስለማመድ ነበር። «እንደምን ዋላችሁ፣ እኔ አባቷ ነኝ።» ይሄው ነው፣ ሌላ ምን አለው? ጎረቤላ እስክንደርስ መቶ ጊዜ ሳልለው አልቀርም።

ድንኳኑ በር ላይ አንድ ሰው እንግዳ ይቀበላል። እኔን አያውቀኝም፣ እኔም አላውቀውም።

«እንኳን ደህና መጡ! በማን ወገን ነዎት?»

«በሙሽሪት።»

«እሰይ! ምኗ ነዎት?»

ከትከሻው በላይ ወደ ውስጥ አየሁ። ፊት ለፊት አስተማሪው ተቀምጧል፣ ቀጥ ብሎ፣ ንጹሕ። ከጎኑ አንድ ባዶ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ቡልኮ ተነጥፎበታል። ከበሩ እስከ ወንበሩ ድረስ ግራና ቀኝ ሕዝብ ነው፤ ሁሉም እሷን ከጡት ጀምሮ ስታድግ ያዩዋት ሰዎች። የትኛዋን ዓመት ይዤ ነው በመሃላቸው የማልፈው?

«ሾፌር ነኝ» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ክንዴን በአክብሮት ይዞ «ታዲያ በዚህ በኩል ነዋ! ሾፌሮች ከጓሮ ናቸው፣ ምግቡም መጠጡም እዚያው ይመጣልዎታል» አለና አዞረኝ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። እየተመራሁ ሄድኩ።

ጓሮ ከሸራ ሥር ሦስት ሾፌሮች ተቀምጠዋል። ቦታ ለቀቁልኝ። አንደኛው «የትኛዋ ናት ያንተ?» ቢለኝ ከቆሙት መኪኖች ወደ አንዷ እጄን ዘረጋሁ። ስለ ነዳጅ ሰልፍ አወሩ፣ እኔም አወራሁ። ምግብ መጣ፣ በላን። የምለውን ሁሉ ያውቃሉ፣ የሚሉትን ሁሉ አውቃለሁ። ትንሽ ቆይቼ ተነስቼ በፊት በር እገባለሁ እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። ይችን ጠላ ልጨርስና። ይሄ ጨዋታ ይለቅና።

ከዚያ ድምፅ ማጉያው ጮኸ።

«የሙሽሪት ወላጅ አባት! ወዲህ ይምጡልን፣ ጉልበት ሊሳም ነው!»

ቁራሼ እጄ ላይ ቀረ።

«የሙሽሪት ወላጅ አባት!» አለ ደግሞ። ትንሽ ቆይቶ የልጄ ድምፅ ከማጉያው አጠገብ ገባ፤ «መጥቷል፣ ይመጣል፣ ትንሽ ጠብቁ» ስትል ሰማኋት። ጠበቁ። ማጉያው ብቻ ይንጫጫል።

«የት ሄዶ ነው ሰውየው?» አለ ከጎኔ ያለው ሾፌር።

«ድሮ ጥሏቸው የሄደ ነው አሉ» አለ ሌላው። «ዛሬም አልመጣ ይሆናል።» ወደ እኔ ዞረና «ታውቀዋለህ?» አለኝ።

«አላውቀውም» አልኩት።

ሦስተኛ ጊዜ አልተጠራም። የአስተማሪው ሳል ተሰማ፣ ከዚያ ምርቃቱ በማጉያው መጣ። ውለዱ፣ ክበዱ አላቸው። ሾፌሮቹ ቆባቸውን አውልቀው «አሜን» አሉ። እኔም አብሬያቸው አሜን አልኩ።